ምሳውን እወደዋለሁ፣ መንገዱ ግን እያስፈራኝ መጣ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 31 ነው። ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። የምነዳት 250 ሲሲ ናት፤ በጣም እወዳታለሁ። ከአምስት ወር በፊት አብሮ አደጌ ወደሚመራው የሞተር ቡድን ገባሁ። አሥራ አንድ ነን። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት ተሰብስበን 110 ወይም 120 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ እንሄዳለን። እዚያ ካፌ ቁጭ ብለን ምሳ በልተን እንመለሳለን። ሳምንቱን ሙሉ የምናፍቀው ያንን ጠረጴዛ ነው፤ ሳቁን፣ ወሬውን፣ አቧራችንን ሳናራግፍ የምንቀመጠውን መቀመጥ።

ችግሬ መንገዱ ላይ ነው። አዲስ ስለሆንኩና ሞተሬም ትንሽ ስለሆነች ሁሌ የምሰለፈው መጨረሻ ላይ ነው። «ከኋላ ሆነሽ ተረጋግተሽ ንጂ» ብለውኝ ነው። መረጋጋት ግን የለም። ከባድ መኪና ሲያጋጥመን እነሱ ደርበው ያልፋሉ፣ እኔ ከጭነት መኪናው ኋላ እቀራለሁ። ከዚያ እስክደርስባቸው ጋዙን እስከ መጨረሻው እጠመዝዛለሁ። ካፌው ስደርስ እነሱ ሄልሜታቸውን አውልቀው፣ አዝዘው ተቀምጠዋል። የእኔ ምግብ መጥቶ ግማሹን ሳልበላ «በሉ እንነሳ» ይባላል።

ባለፈው ጉዞ ስንመለስ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ አንዲት ኩርባ ውስጥ በፍጥነት ገባሁ። ዓይኔ ከፊቴ ያለው ሞተር የኋላ መብራት ላይ ነበር። ሞተሬ እየሰፋች ሄዳ የመሃል መስመሩን አለፈች። የሚመጣ መኪና አልነበረም። ያየኝ የለም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ያቺ ኩርባ ትመጣብኛለች።

ቡድኑን ልተወው? ወይስ አብሮ አደጌ እንደሚለው ተለቅ ያለ ሞተር ልግዛ? ወይስ ልናገር? ብናገር ደግሞ «ፈራች» እንዳይሉኝ እሰጋለሁ። ቀጣዩ ጉዞ እሑድ ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ነው።

ከኋላ የቀረሁት ነኝ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

ከደብዳቤሽ ሁሉ «የሚመጣ መኪና አልነበረም» የምትለው ላይ ቆምኩ። በአጭሩ ጽፈሻት አልፈሻል፤ እንቅልፍ የምትነሳሽ ግን እሷ ናት። እንኳን ተረፍሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻሽ ይዘሽው መቆየትሽ ያሳዝነኛል። ኩርባዋ ደጋግማ ስትመጣብሽ ፈሪ ሆንኩ ብለሽ አታስቢ። አንድ ነገር መለወጥ እንዳለበት ገብቶሻል፣ ልክም ነሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን መለወጥ ያለበት ድፍረትሽም ሞተርሽም አልመሰለኝም። የተሰጠሽ ቦታ ነው።

«ከኋላ ሆነሽ ተረጋግተሽ ንጂ» የሚለው ምክር ከደግነት የመጣ ነው፤ ብዙ ቡድኖችም ለአዲስ ሰው የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን በቡድን ጉዞ ላይ ከሁሉም የሚያሯሩጠው ቦታ መጨረሻው ነው። ለምን እንደሆነ እንይ። አሥራ አንድ ሞተር በሁለት ሁለት ሰከንድ ርቀት ቢሰለፍ ከፊተኛው እስከ አንቺ 20 ሰከንድ ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ይህ ወደ 440 ሜትር ይሆናል። አሁን አንዲት መንደር ውስጥ በ50 እየሄዳችሁ ነው እንበል። በሁለት ሰከንድ ርቀት በአንቺና ከፊትሽ ባለው መካከል ያለው 28 ሜትር ያህል ነው። ከመንደሩ ወጥቶ 80 ሲገባ ያው ሁለት ሰከንድ 44 ሜትር ይሆናል። ማንም ጥሎሽ አልሄደም፤ ዓይንሽ ግን «ራቀኝ» ይልሻል፣ ጋዝ ትጨምሪያለሽ። ከፊትሽ ያለውም እንደዚሁ ተሰምቶት ትንሽ ጨምሯል፣ ከእሱ በፊት ያለውም እንዲሁ። እያንዳንዱ የጨመራት ትንሽ ትንሽ ነገር ተደማምሮ ዕዳው የሚወድቀው ጅራቱ ላይ ነው።

የጭነት መኪናው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። አንቺ በ50 ከሚሄድ መኪና ኋላ ሁለት ደቂቃ ብትቆዪና እነሱ በ80 ቢቀጥሉ 1 ኪሎ ሜትር ይቀድሙሻል። እሱን ለመዝጋት 100 ብትነጂ እንኳ ሦስት ደቂቃ ይፈጅብሻል፤ 5 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከሁሉም ፈጥነሽ ትነጃለሽ ማለት ነው። ይህ በአንድ ጉዞ ላይ አራት አምስት ጊዜ ቢደጋገም፣ ከቡድኑ ሁሉ ልምድ የሌላት ሰው ከቡድኑ ሁሉ በፍጥነት ስትነዳ ዋለች ማለት ነው። ኩርባዋ ውስጥ የገባሽው እንዲህ ደክመሽ፣ ምሳሽንም በወጉ ሳትበይ ነው። ይህን ስታውቂ ራስሽን የምትወቅሺበት ነገር ትንሽ ይቀልልሽ ይሆን?

ስለዚህ ትልቁ ሞተር ለጊዜው ይቆይ። 250 ሲሲ በ80 እና በ90 ለመጓዝ አያንስም። ከጭነት መኪና ደርበሽ ስታልፊ አቅም ያለው ሞተር እንደሚያግዝ አልክድም፤ ግን የበለጠ ክብደትና የበለጠ ጉልበት ይዘሽ ያንኑ ጅራት ላይ ብትሰለፊ፣ ያችው ኩርባ ውስጥ ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት ነው የምትገቢው። ፍጥነት ከ60 ወደ 90 ሲያድግ ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። አንድ ቀን ሞተር መቀየር ብትፈልጊ ቀይሪ፤ ለመድረስ ብለሽ ግን አትግዢ።

መተውስ? መተው ነውር የለበትም፤ ብዙ ጥሩ ነጂዎች ብቻቸውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ነው የሚጓዙት። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ ከዚህ ቡድን ብትወጪ የሚናፍቅሽ ምኑ ነው? አብሮ መንዳቱ ነው ወይስ ጠረጴዛው? ደብዳቤሽ ላይ የደመቀው ጠረጴዛው ነው። እንደዚያ ከሆነ ቡድኑን ሳትተዪ መንገዱን ብቻ የምትተዪበት አማራጭ አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሌላም ጥያቄ አለኝ። እስካሁን «ፈሪ» ያለሽ ሰው አለ? ወይስ ይሉኛል ብለሽ ነው? አብሮ አደግሽ ያቺን ኩርባ ቢያውቃት መጀመሪያ የሚሰማው ምን ይመስልሻል? እኔ እንደምገምተው ድንጋጤ ነው፤ ከኋላ ያሰለፈሽ እኮ አንቺን የጠበቀ መስሎት ነው።

ስለዚህ እሱን ብቻውን አናግሪው። እሑድ ጠዋት ሄልሜት ከተደረገና ሞተር ከተነሳ በኋላ አይሁን፤ ምሳ ጠረጴዛው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማም አይሁን። በሳምንቱ መካከል ደውዪለት ወይም አግኚው። ረጅም ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንዲህ ብትይው ይበቃል፦ «ባለፈው ስንመለስ ኩርባ ላይ የመሃል መስመሩን አልፌ ወጥቻለሁ። ከኋላ ሆኜ ልድረስባችሁ ስል ነው። ከቡድኑ መውጣት አልፈልግም። በሚቀጥለው ጉዞ ካንተ ቀጥዬ ልንዳ፣ ከኋላ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ይሁን።» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው።

ካንተ ቀጥዬ ያልሽው ቦታ ለአዲስ ነጂ የተሻለ እንደሆነ በሙያው ያሉ አሠልጣኞችም የሚሉት ነው። ፊተኛው በስፖኪዮ እያየሽ ፍጥነቱን ባንቺ ልክ ያደርጋል፤ አንቺም መስመሩን ከእሱ ትማሪያለሽ። ጅራቱን የሚይዘው ደግሞ ከሁሉም የበሰለው ይሁን፤ ጥሩ ሞተር ያለው፣ የሁሉንም ስልክ የያዘ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃና የጎማ መጠገኛ በቦርሳው ያለ። ጅራት የሆነ ሰው ማንንም ደርቦ አያልፍም፤ ሥራው ያ ነው።

ሁለተኛው የምትጠይቂው ነገር አሥራ አንዱ ለሁለት እንዲከፈል ነው፤ አምስትና ስድስት ሆነው በ15 ደቂቃ ልዩነት ይነሱ። ለቡድን ጉዞ የሚመከረው ከአምስት እስከ ሰባት ሞተር ነው። ስድስት ሲሆኑ ያ 20 ሰከንድ ወደ 10 ይወርዳል፣ የጭነት መኪናው ጥበቃም ያጥራል። ፊተኛው ሁለት ልማድ ብቻ ይያዝ፦ ደርቦ ካለፈ በኋላ የመጨረሻው እስኪያልፍ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይቆይ፤ ከመንደር ሲወጣም የመጨረሻው ሞተር እስኪወጣ 60 ላይ ይያዝ። በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፊተኛው የመስመሩን ግራ ሲሶ፣ ሁለተኛው በ1 ሰከንድ ርቀት ቀኝ ሲሶውን፣ ሦስተኛው ከፊተኛው በ2 ሰከንድ ርቆ እንደገና ግራውን ይይዛል። ኩርባ ሲመጣ፣ መንገዱ ሲበላሽ ወይም ዕይታ ሲያጥር ግን ይህ አሰላለፍ ይቀራል፤ ሁሉም በአንድ ረድፍ ሆኖ በመካከሉ ቢያንስ 2 ሰከንድ ይተዋል። ኩርባ ላይ እያንዳንዱ የመስመሩ ስፋት በሙሉ ያስፈልገዋል።

መታጠፊያዎች ላይ እንዳትጠፋፉ ምን ታደርጋላችሁ? አንዳንድ ቡድን በየመታጠፊያው ሁለተኛውን ነጂ አቁሞ አቅጣጫ እንዲያሳይ ያደርጋል፤ ጅራቱ ሲደርስ እሱ ከጅራቱ ፊት ይገባል። ለትልቅ ቡድን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለአንቺ ግን አይሆንም። ሁለተኛ ሆነሽ ከተሰለፍሽ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ተመልሰሽም መጨረሻ ላይ ትገኛለሽ። ለስድስት ሰው የሚሻለው ቀላሉ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ላለው አንድ ሰው ኃላፊ ይሁን። መታጠፊያ ላይ ስትደርሺ ከኋላሽ ያለው በስፖኪዮ ካልታየሽ ደህና ቦታ ፈልገሽ ጥጉን ያዢና እስኪታይሽ ቁሚ፤ ከፊትሽ ያለውም አንቺን ሲያጣ እንዲሁ ያደርጋል። እንዲህ ሲሆን ማንም ሰው «እጠፋ ይሆን» ብሎ መሮጥ አያስፈልገውም። አንቺን እስከ ዛሬ ያሯሯጠሽ ይህ ስጋት አይደል?

አሁን ወደ ኩርባዋ። ዓይንሽ ከፊትሽ ባለው የኋላ መብራት ላይ እንደነበር ጽፈሻል። ሞተር ዓይን ወዳለበት ነው የሚሄደው። መብራቱን ስታዪ የምትነጂው በእሱ ፍጥነትና በእሱ መስመር ነው፤ እሱ ደግሞ ካንቺ በላይ ልምድ አለው። ከእንግዲህ የምታዪው የመንገዱ ሁለት ጠርዞች ተገናኝተው የሚታዩበትን ሩቅ ነጥብ ይሁን። ነጥቡ ወደ አንቺ እየቀረበ ከመጣ ኩርባው እየጠበበ ነው፣ ፍጥነት ቀንሺ፤ እየሸሸሽ ከሄደ መንገዱ እየተከፈተ ነው። ፍሬኑን ቀጥ ብለሽ ሳለሽ ጨርሺ፣ ማርሹን ቀንሺ፣ ከዚያ ጋዙን በስሱ ይዘሽ ግቢ። ምናልባት እንደገና ፈጥነሽ ብትገቢ ፍሬኑን በድንጋጤ አትጨብጪው፤ ጎማው ላዘነበለው ሞተር የሚያወጣው ጉልበት አለ፣ ድንገት ለፍሬንም ከጠየቅሽው ሊያዳልጥ ይችላል። ፊትሽን አዙረሽ የኩርባውን መውጫ ተመልከቺ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ከሆነ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ግፊው። ሞተሩ ወደ ቀኝ ይበልጥ ያዘነብላል። ለጆሮ ግራ ያጋባል፤ ከመንደር ፍጥነት ከፍ ሲል ግን ሞተር የሚታጠፈው እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነጂው ከሚደፍረው በላይ ማዘንበል ይችላል። ከጉዞው በፊት አንድ ጠዋት ባዶ ሰፊ ሜዳ ላይ በ30 እና በ40 ይህን ግፊያና ከ40 ላይ ፍሬን ይዞ መቆምን ደጋግመሽ ተለማመጂ። አሠልጣኝ ካገኘሽ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ምሳውንም አንርሳው፤ ያለ እሱ የሚሄድ የለም። «በሉ እንነሳ» የሚባልበት ሰዓት የሚቆጠረው የመጀመሪያው ሰው ከተቀመጠበት መሆኑ ነው ያስራበሽ። የመጨረሻው ሰው ሄልሜቱን ካወለቀ በኋላ 75 ደቂቃ ይቆጠር በሏቸው። ለምሳ ሰዓት ለሁለት ተከፍላችሁ መድረሳችሁ ለካፌውም ይጠቅማል። የትንሽ ከተማ ካፌ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ምግብ አብሳይ ነው ያለው፤ አሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያዝ የመጀመሪያው ሳህንና የመጨረሻው ሳህን መካከል ግማሽ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ከቀደመው ቀን አንድ ሰው ደውሎ «ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አምስት፣ ሩብ ሰዓት ቆይተን ስድስት ሰው እንመጣለን» ቢል ጠረጴዛውም ወጥ ቤቱም ይዘጋጃል። ሒሳቡን በየግል የምትከፍሉ ከሆነ ያንንም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ዝርዝር ገንዘብም ያዙ።

ስትበዪ ቀለል ያለ ይሁን፣ ውኃ ጠጪ። ነፋሱ ላብሽን ስለሚያደርቀው ምን ያህል ውኃ እንዳጣሽ አይታወቅሽም፤ ራስ ምታትና መፍዘዝ ሲጀምር ነው የሚነግርሽ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት በተፈጥሮው ይደበታል፤ ከከባድ ምግብ በኋላ ደግሞ ይብሳል። ኩርባዋ በመልሱ ጉዞ ላይ መሆኗን ልብ በዪ። አልኮል ለነጂ አይታሰብም፣ አንድ ብርጭቆም ቢሆን።

ካፌው በር ላይ ስትቆሚም አትጣደፊ። የሞተርሽን የጎን መቆሚያ ጫፍ ዝቅ ብለሽ እዪው፤ ሁለት ጣት የማይሞላ ብረት ነው፣ የሞተሩ ክብደት ከፊሉ እሱ ላይ ነው ያረፈው። ለስላሳ አፈር ላይ ወይም ፀሐይ ባሞቀው አስፋልት ላይ በአንድ ሰዓት ምሳ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ስትወጪ ሞተርሽ ተኝታ፣ አጠገቧ ያሉትንም አስተኝታ ትጠብቅሻለች። የመዳፍ ስፋት ያላት ጠፍጣፋ እንጨት ቦርሳሽ ውስጥ ያዢና ከሥሩ አድርጊለት። ቁልቁለት ከሆነ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙሪና አንደኛ ማርሽ ውስጥ ተያት። ነዳጅ ደግሞ ከተማው ስትገቡ ቅዱ እንጂ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ለመሄድ ሲቸኩል አይሁን። ለነዳጅ የት እንደሚቆም የሚወሰነው በአንድ ሙሌት አጭር ርቀት በሚሄደው ሞተር ነው፤ ያንቺ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ተኩል ያህል የምትጠጣ ከሆነ ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ ቀድመውሽ ሊጠሙ ይችላሉ። በዚህ እንኳ ማንም አይጠብቅሽም።

አብሮ አደግሽ «እናስብበት» ብሎ ቢያለዝበውስ? ያኔ ያልኩሽን አማራጭ ውሰጂ። መንገዱን አጥንተሽ፣ የካፌውን ስምና ስልክ ይዘሽ፣ ከእነሱ 30 ደቂቃ ቀድመሽ ተነሺና በራስሽ ፍጥነት ሂጂ። አብሮሽ የሚሄድ አንድ ሰው ካገኘሽ ይበልጥ ጥሩ ነው። ቀድመሽ ትደርሻለሽ፣ ጥላ ያለበትን ጠረጴዛ ትይዣለሽ፣ ሲመጡ ተቀምጠሽ ትቀበያቸዋለሽ። ስትመለሺም እንዲሁ። ይህን ለመምረጥ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ቤት ላለ ሰው የት እንዳለሽና መቼ እንደምትደርሺ ብቻ ተናገሪ።

ከተስማማ ግን የመጀመሪያው ጉዞ አጠር ይበል፤ 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለች ከተማ ምረጡ። ያን ቀን ጠዋት ሞተሯ ሳትነሳ የጎማ አየር ለኪ፣ ካቴናው አለመላላቱን እዪ፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት ሞክሪ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩን ደግሞ ቢዘገይ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ደውዪለት፤ ቡድኑን ለመክፈልና ለካፌው ሰዓቱን ለመንገር ሁለት ሦስት ቀን ያስፈልገዋል።